የጠፉ ክፍለ ጊዜዎች ቆጠራ፦ በትምህርት ቤቶች መካከል ያለውን ልዩነት ለአካባቢ ሬዲዮ መመርመር

«እዚያ ማዶ ያሉት ልጆች እንደኛዎቹ አይማሩም» የሚል ስሞታ ወደ አካባቢ ሬዲዮ ጣቢያ ሳይደርስ የሚያልፍ ዓመት የለም። አብዛኛውን ጊዜ እውነት አለው። እንዳለ በአየር ላይ ከዋለ ግን የሚገኘው አንድ የወላጅ ብሶት፣ አንድ የኃላፊ ማስተባበያ እና «ጉዳዩን እየተከታተልነው ነው» የሚል መዝጊያ ብቻ ነው። ስሞታው ወደ ምርመራ ዘገባ የሚያድገው ሊቆጠር የሚችል ነገር ሲገኝለት ነው።

ከሚቆጠሩት ነገሮች ሁሉ እኛ የምንመክረው በትክክል የተሰጠ ክፍለ ጊዜን ነው። ሕንፃና ዴስክ ለዓይን ይቀርባሉ፤ ነገር ግን አዲስ ሕንፃ ውስጥ መምህር አጥቶ የሚውል ልጅ አለ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ በደንብ የሚማርም አለ። ክፍለ ጊዜ ሌላ ጥቅምም አለው፤ በሦስት የተለያዩ ሰዎች እጅ ሦስት ዱካ ይተዋል። አንዱ ርዕሰ መምህሩ ያጸደቀው የክፍለ ጊዜ ድልድል ነው፣ ሁለተኛው የመምህራን ፊርማ መቆጣጠሪያ፣ ሦስተኛው የተማሪው ደብተር። ሦስቱ ካልተስማሙ ዘገባው ከዚያ ይጀምራል። መምህራን ከክፍል የሚቀሩበትን መጠን ሳያስታውቁ ሄዶ በመቁጠር የለካ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በባንግላዴሽ፣ በኢኳዶር፣ በሕንድ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በፔሩና በኡጋንዳ በአማካይ ከመቶ መምህራን 19ኙ በሥራ ቦታቸው እንዳልተገኙ አሳይቷል። ነገሩ የአንድ አገር ወይም የአንድ ሰነፍ መምህር ጉዳይ አይደለም ማለት ነው።

መነሻ ዓረፍተ ነገር

ከቢሮ ከመውጣትዎ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ስሕተት ሆኖ ሊገኝ የሚችል መሆን አለበት። «ትምህርት ፍትሐዊ አይደለም» የሚለውን ማንም ሊያረጋግጠውም ሊያፈርሰውም አይችልም። የሚከተለውን ግን ይቻላል፦ «በከተማው ዳር ባሉት ሦስት ትምህርት ቤቶች የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ መንፈቅ ያገኙት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ መሀል ካሉት ሦስቱ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም መምህር ሲለቅ ምትክ የሚመደብላቸው ዘግይቶ ነው።»

ይህ ዓረፍተ ነገር ማን፣ ምን ያህል፣ በማን ውሳኔ የሚሉትን ሦስቱንም ይዟል። ብዙ ዘገባ የሚከሽፈው ሦስተኛው ስለሚጎድለው ነው። ውሳኔውና ወሳኙ ካልታወቁ የተሠራው ዘገባ የድህነት ገለጻ ሆኖ ይቀራል፤ አድማጭ ያዝናል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። ምደባውን የሚፈርመው ቢሮ የትኛው ነው? ማመልከቻው ስንት ቀን ጠረጴዛ ላይ ተኛ? እነዚህን ገና ከመነሻው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ትምህርት ቤቶቹን ሲመርጡ መስፈርቱን በጽሑፍ ያስፍሩ፤ ምርጫው ከዚያ በኋላ ይምጣ። የታወቀውን ምርጥና የታወቀውን መጥፎ አወዳድሮ «ልዩነት አገኘሁ» ማለት ዋጋ የለውም፣ ኃላፊውም በአንድ አፍታ ያፈርሰዋል። ስድስት ትምህርት ቤት፣ አንድ የክፍል ደረጃ፣ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ አንድ መንፈቅ ይበቃል። ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ምድብ፣ ከየምድቡ ሦስት ደብተር ሲወሰድ 36 ደብተር ይሆናል። አንዱን ደብተር በጥንቃቄ ለመቁጠር እስከ 15 ደቂቃ ስለሚፈጅ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ሥራ ነው፤ ለሁለት ጋዜጠኛ የማይከብድ። ከዚህ በላይ የጀመሩ ብዙዎች መሀል ላይ ይታክታሉ፣ ከዚያም የመጨረሻዎቹን ትምህርት ቤቶች በችኮላ ይቆጥሯቸዋል። ያ ደግሞ ንጽጽሩን ያበላሸዋል።

ደብተሩ ሲገለጥ

በአብዛኛው ትምህርት ቤት ተማሪ ማስታወሻ ሲጽፍ ከላይ ቀን ያሰፍራል። ይህች ትንሽ ልማድ ለመርማሪ ጋዜጠኛ ትልቅ ስጦታ ናት። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የመንፈቁን የትምህርት ቀናት በወረቀት ላይ ይዘርዝሩ፤ በዓላትን፣ የፈተና ሳምንትንና ትምህርት ቤቱ በይፋ የተዘጋባቸውን ቀናት ያውጡ። ከድልድሉ ላይ ሒሳብ የሚሰጥባቸውን ቀናት ለይተው ያስቀምጡ። ከዚያ ሦስቱን ደብተር ጎን ለጎን ዘርግተው በየቀኑ ምልክት ያድርጉ። ቀኑ ከሦስቱ ቢያንስ በሁለቱ ላይ ካለ ክፍለ ጊዜው ተሰጥቷል ብለው ይያዙ፤ በአንዱ ብቻ ካለ «አጠራጣሪ» በሚል ለብቻው ይመዝግቡ።

ሦስት ደብተር የሚያስፈልገው በምክንያት ነው። አንድ ደብተር ብቻ ካዩ ልጁ ታሞ የቀረበትን ሳምንት የመምህሩ ጥፋት አድርገው ይቆጥሩታል። ስለዚህ ከስም መጥሪያው ላይ ብዙም የማይቀሩ ተማሪዎችን ይምረጡ፤ መምህሩ «ጎበዞቹን ላምጣልዎ» ቢል አመስግነው ምርጫውን በራስዎ ያድርጉ። ወላጅና ልጁ መፍቀዳቸውን ያረጋግጡ። ሲያነሡ ገጹን ብቻ ያንሡ፤ ስም ያለበት ሽፋን ፎቶ ውስጥ አይግባ።

ደብተርም ያታልላል። አሥር ቀን ሙሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ ያለ አንድ ስርዝ ድልዝ ከተጻፈ ምናልባት ከጓደኛ የተገለበጠ ነው። በየዕለቱ የሚጻፍ ደብተር የቀለሙ መጠን ይለዋወጣል፣ አንዱ ቀን ይጣደፋል፣ ሌላው ቀን በግማሽ ይቋረጣል። በቃል እያስረዳ ምንም የማያስጽፍ መምህርም አለ፤ የእሱ ክፍለ ጊዜ በደብተር ቆጠራ ያልተሰጠ ይመስላል። ይህን የሚለዩት ከተማሪዎቹ ጋር በመነጋገርና ከፊርማ መቆጣጠሪያው ጋር በማስተያየት ነው። ወደ ፊርማው ግን ቀድመው አይሂዱ። ፊርማ መምህሩ ግቢ እንደገባ እንጂ ክፍል እንደገባ አይናገርም፤ የሳምንቱን በአንድ ቀን የመፈረም ልማድ ባለበት ደግሞ ያንኑም አይናገርም።

ሰነድ አጠያየቅ

ጥያቄውን በጽሑፍ፣ በተራ ቁጥር፣ ቀን ተጽፎበት፣ ቅጂው ላይ የተቀባይ ፊርማ ተደርጎበት ያስገቡ። «ስለ መምህራን ሁኔታ መረጃ እንዲሰጠን» የሚል ደብዳቤ መልስ የለውም። በምትኩ፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የለቀቁ የሒሳብ መምህራን ዝርዝር፣ የለቀቁበት ቀን፣ ምትክ የተጠየቀበት ቀን፣ የተመደበበት ቀን፣ ትምህርት ቤቱ። የሚፈልጉት ዋናው ሠንጠረዥ ነው፤ ማጠቃለያ ሪፖርት ከሰጡዎት ልዩነቱ በአማካይ ውስጥ ተውጦ ነው የሚመጣው። መንግሥት ሰነዱን ለዜጋ እንዲያሳይ የሚያስገድደው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1766 በስዊድን የተጀመረ ሲሆን ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። የሚሠሩበት አገር ሕግ ካለው አንቀጹንና የመልስ ቀነ ገደቡን በደብዳቤው ላይ ይጥቀሱ፤ ጠያቂው መብቱን እንደሚያውቅ የሚያሳይ ደብዳቤ ወደ መዝገብ ቤት መሳቢያ አይወረወርም።

የበጀት ሰነድ ካገኙ ሁለት ዓምድ ይፈልጉ፦ የተፈቀደና ወጪ የሆነ። በወረቀት ላይ ሁለት ትምህርት ቤቶች እኩል ተፈቅዶላቸው አንዱ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ብቻ ደርሶት ሊሆን ይችላል። ጠመኔ በመስከረም የደረሰው ትምህርት ቤትና በግንቦት የደረሰው እኩል አላገኙም።

ሒሳቡ ላይ የሚሳሳቱበት ቦታ

እነሆ የልምምድ ቁጥር። በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ፣ 20 ሳምንት፣ በድምሩ 100። መሀል ያሉት ትምህርት ቤቶች 88 ሰጡ እንበል፣ ዳር ያሉት 61። ልዩነቱ 27 ክፍለ ጊዜ ነው። «በ27 በመቶ ያነሰ» ካሉ ግን ተሳሳቱ፤ 27ን ለ88 ሲያካፍሉ ወደ 31 በመቶ ይመጣል። ትክክለኛው «27 የመቶኛ ነጥብ» (የ88 በመቶና የ61 በመቶ ልዩነት) ወይም «31 በመቶ ያነሰ» ነው። ለሬዲዮ ሁለቱንም ይተዉና ወደ ሰዓት ይቀይሩት፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ቢሆን 27ቱ 1,080 ደቂቃ፣ ማለትም 18 ሰዓት ነው። አሥራ ስምንት ሰዓት የሒሳብ ትምህርት ማጣት ምን እንደሆነ ማንም ወላጅ ይገባዋል።

አማካይ የሚሰውረውን የክፍል ብዛት በደንብ ያሳያል። አምስት ክፍሎች 40፣ 42፣ 44፣ 45 እና 104 ተማሪ ቢይዙ አማካዩ 55 ነው። በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለው 44 ነው። ኃላፊው የቱንም ቢጠቅስ አልዋሸም። ጥያቄውን ከክፍሉ ወደ ልጁ ካዞሩት ግን፣ ማለትም «አንድ ተማሪ በአማካይ ስንት ልጅ ባለበት ክፍል ይቀመጣል?» ካሉ፣ መልሱ 66 ይሆናል፤ ምክንያቱም ከ275ቱ ልጆች 104ቱ ያሉት በተጨናነቀው ክፍል ነው። ስሌቱ የእያንዳንዱን ክፍል ቁጥር በራሱ ማብዛት፣ መደመር፣ ለጠቅላላው 275 ተማሪ ማካፈል ነው። ለተማሪ የሚያስብ ጋዜጠኛ የሚይዘው ቁጥር ይኼኛው ነው። የመምህር ለተማሪ ጥምርታ ደግሞ ከክፍል ብዛት ጋር አንድ አይደለም፤ ቢሮ የሚውሉና ማስተማር ያቆሙ መምህራንም ተቆጥረውበት ሊሆን ስለሚችል ማን ማን እንደተካተተ ይጠይቁ።

የፈተና ውጤት ላይ የበለጠ ይጠንቀቁ። 120 ልጆች አንደኛ ክፍል ገብተው 60ዎቹ ለመልቀቂያ ፈተና ደርሰው 54 ቢያልፉ ትምህርት ቤቱ «90 በመቶ አሳለፍን» ብሎ ይለጥፋል። ከጀመሩት አንጻር ግን 45 በመቶ ነው። የቀሩት 60 ልጆች የት ሄዱ? ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ዘገባ ነው። ሁለተኛ፣ የውጤት ልዩነት ብቻውን የትምህርት ቤቱን ጥፋት አያስረዳም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣውና ከ600,000 በላይ ተማሪዎችን ያካተተው የሶሲዮሎጂ ምሁሩ የጄምስ ኮልማን ጥናት የቤተሰብ ሁኔታ ከውጤት ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ ካሳየ ወዲህ በዚህ ላይ ክርክሩ አላባራም። ክፍለ ጊዜ መቁጠርን የምንመርጠው ለዚህም ነው፤ የቤተሰብ ድህነት መምህር ሳይመደብ ለቀረበት ወር ሰበብ መሆን አይችልም።

ከልክ ያለፈ ጥሩ ቁጥርም ይመርመር። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በአትላንታ ከተማ የተማሪዎች ውጤት በድንገት ሲዘል የአካባቢው ጋዜጣ ዘጋቢዎች ጥያቄ አነሡ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የግዛቲቱ መርማሪዎች ሪፖርት ከተመረመሩት 56 ትምህርት ቤቶች በ44ቱ የፈተና ማጭበርበር አግኝቷል። የተጎዱት ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውና «አልፋችኋል» ተብለው የተተዉት ልጆች ናቸው።

ከልጆችና ከመምህራን ጋር

ልጅ «መምህራችሁ ይቀራል?» ተብሎ አይጠየቅም። ጥያቄው መልሱን ይዞ ስለሚመጣ ልጁ እርስዎን ለማስደሰት ብቻ «አዎ» ይላል፣ ከዚያ ሲጨነቅ ይከርማል። «ትናንት ከእረፍት በኋላ ምን ሠራችሁ?» ይበሉት። «ኳስ ተጫወትን» ካለ «ማን አስጫወታችሁ?» እያሉ ይቀጥሉ። ርዕሰ መምህሩ ወይም ክፍል ኃላፊው አጠገብ ቆሞ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ አይጠቅምም፣ ልጁንም ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ልጅ ስለሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት ይሰጠዋል፣ በአንቀጽ 16 ደግሞ ገመናው እንዲጠበቅ ያዛል። ሁለቱን አብሮ መያዝ የጋዜጠኛው ኃላፊነት ነው።

በአካባቢ ሬዲዮ ስም መደበቅ ብቻውን አይበቃም። ድምፁን ጎረቤት ያውቀዋል። «የ5ኛ ክፍል ተማሪ፣ አባቱ ጥበቃ የሆኑ» ካሉ ደግሞ ስሙን ጠርተውታል። ድምፅን ማወፈርና ማቅጠን መደበቂያ አይደለም፤ ድምፅ ማቀነባበር የሚችል ሰው ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። አስተማማኙ መንገድ የልጁን ቃል ሳይለውጡ ሌላ ሰው እንዲያነብበው ማድረግና ይህንኑ ለአድማጭ መንገር ነው።

መምህሩ ላይ ጣት ለመቀሰር አይቸኩሉ። የቀረባቸውን ቀናት በምክንያት ይከፋፍሉ፦ ስብሰባና ሥልጠና፣ ደመወዝ ለመቀበል የተደረገ ጉዞ፣ ሕመም፣ ምትክ ያልተመደበለት ክፍት ቦታ፣ ያለ ፈቃድ መቅረት። ይህ ክፍፍል ተጠያቂውን ያሳያል። ለስብሰባ የጠራው ቢሮ ነው፤ ምትክ ያልመደበውም ቢሮ ነው። ሁሉንም «የመምህራን ግዴለሽነት» ብሎ ማጠቃለል በልጁም በመምህሩም ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ድምፅ

ሪከርደሩን በዋቭ ፋይል፣ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት ላይ ያድርጉት። ከፍተኛው የድምፅ መጠን ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲውል ያስተካክሉ፤ ልጅ በድንገት ሲጮህ እንዳይሰነጠቅ ቦታ ይኖርዎታል። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው በትንሹ ጎን ይያዝ። ከየክፍሉ ሳይወጡ ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ ይቅዱ፤ ቅንብር ላይ የተቆራረጠውን ንግግር የሚያያይዝልዎ ያ የክፍሉ ዝምታ ነው። ይህን ረስቶ መመለስ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

ልዩነቱን የሚናገር ድምፅም ይፈልጉ። በሁለት ትምህርት ቤቶች፣ በአንድ ሳምንት፣ በተመሳሳይ ሰዓት ደወል ሲደወል ጀምረው አምስት ደቂቃ ይቅዱ። በአንደኛው የወንበር መንኳኳት፣ «ደህና አደራችሁ»፣ ጠመኔ። በሌላኛው የልጆች ጫጫታ እየጨመረ ይሄዳል፣ ደወሉን የሚከተለው ሰው የለም። አድማጭ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ድምፁን ካሳጠሩት «አሳጥረነዋል» ይበሉ፤ ከሌላ ቀን ጫጫታ አምጥቶ መቀላቀል ግን ማስረጃ መፍጠር ነው።

ስክሪፕት

የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ በረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተደረደረ ቁጥር ግሡ እስኪደርስ ከአድማጭ ጆሮ ይወድቃል። ይህንን ይመልከቱ፦ «ባለፈው መንፈቅ በስድስት ትምህርት ቤቶች በተደረገው ቆጠራ መሠረት ከታቀዱት 100 የሒሳብ ክፍለ ጊዜዎች ውስጥ መሀል ባሉት 88ቱ፣ ዳር ባሉት ደግሞ 61ዱ ብቻ መሰጠታቸው ታውቋል።» ለዓይን ይበቃ ይሆናል። ለጆሮ ግን እንዲህ ይሰበር፦ «አንድ መቶ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ታቅዶ ነበር። መሀል ከተማ ሰማንያ ስምንቱ ተሰጠ። ዳር ላይ ስድሳ አንዱ። በመሀሉና በዳሩ መካከል ያለው ልዩነት አሥራ ስምንት ሰዓት ነው።» ቁጥሩን በፊደል ይጻፉ፤ አንባቢው ማይክ ፊት አይደነቃቀፍም። ከእንዲህ ያለው ዋና ግኝት ውጭ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከአንድ አዲስ ቁጥር በላይ አያስገቡ። የስምንት ደቂቃ ዘገባ ከሆነ ደወሉ በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ይሰማ፣ ግኝቱ ሁለተኛው ደቂቃ ሳያልቅ ይነገር፣ የቆጠራው ዘዴም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገለጽ። የኃላፊው መልስ እንደ ጭራ መጨረሻ ላይ አይንጠልጠል፤ እያንዳንዱ መልስ ከሚመለከተው ግኝት አጠገብ ይግባ።

መልስ የመስጠት ዕድል

ከስርጭቱ ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን አስቀድመው እያንዳንዱን ግኝት በተራ ቁጥር ለሚመለከተው ኃላፊ ይላኩ። ቁጥሩንና የተሰላበትን መንገድ ይላኩ፤ ስክሪፕቱን አይላኩ፣ የልጆችንና የምንጮችን ማንነት የሚጠቁም ነገርም አይላኩ። «እጥረቱ በሁሉም ዘንድ ያለ ነው» የሚል መልስ ሲመጣ «ታዲያ መሀል ላይ ምትክ የተመደበበትና ዳር ላይ የተመደበበት ቀን ለምን ተለያየ?» ብለው በቀን ይመልሱ። «ደብተር ላይ ባይጻፍም ተሰጥቷል» ካሉ ማስረጃ ይጠይቁ፤ ካመጡ እንደገና ይቁጠሩ። ቁጥሩ ከተለወጠ ዘገባው ይለወጣል።

ከስርጭት በፊት በዘገባው ያልተሳተፈ ባልደረባ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከሰነድ ወይም ከቅጂ ጋር ያመሳክር። ዓረፍተ ነገሩ አጠገብ የሰነድ ቁጥር ካልተጻፈ ይሰረዝ። ዋናዎቹ ፋይሎች በሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጡ።

በስርጭቱ ዕለት ስልክ የሚያነሣ ሰው ይመድቡ፤ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚደውሉ መምህራን ለቀጣዩ ቆጠራ ቦታ ይጠቁማሉ። ስሕተት ከተገኘ በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ሰዓት ይታረም። «ምትክ መድበናል» የሚል መግለጫ ከመጣም ሦስት ወር ይጠብቁና ወደ እነዚያው ስድስት ትምህርት ቤቶች፣ ወደ እነዚያው ምድቦች ይመለሱ፤ ሦስት ሦስት ደብተር ዘርግተው ቀኖቹን እንደገና ይቁጠሩ።